ኡኡታና ሚዛን፤ የመኪና ሌባ ማስጠንቀቂያ አጭር ታሪክ

በአገራችን ልማድ ሌሊት ሌባ የገባበት ሰው ኡኡ ይላል፤ ጎረቤቱም ዱላውን ይዞ ይወጣል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ኡኡታ ዋጋ የሚኖረው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። አንደኛው የሚጮኸው ሰው በእርግጥ ሌባ ማየቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚሰማው ሰው ጩኸቱን ማመኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ የሚቀረው ባዶ ድምፅ ነው።

በመኪና ላይ የሚገጠመውና በተለምዶ አላርም የምንለው መሣሪያ ይህንኑ የቆየ ሥራ በኤሌክትሪክ ኀይል እንዲሠራ የታሰበ ነው። ክፍሎቹ ብዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚጮኸውን ሳይረንና፣ መኪናው ከቆመበት ሁኔታ ዘንበል ሲል የሚያውቀውን የማዘንበል ጠቋሚ ነው። ሁለቱ ከየት እንደ መጡ፣ እንዴት እንደሚሠሩና በምን ምክንያት እንደ ተገናኙ ከተመለከትን በኋላ አንድ ሐሳብ ለማስረዳት እንሞክራለን። ሐሳቡም፤ ጩኸትን ማጉላት ለመሐንዲሶች ቀላል ነበር፤ መቼ መጮኽ እንደሚገባ መለየት ግን እጅግ ዘገየ፤ በዚህ መዘግየት ምክንያትም የሰሚው እምነት ጠፋ የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሚጮኸው ክፍል

ሳይረን የሚለው ስም የተገኘው ከጥንታዊ የግሪክ ተረት ነው። ሳይረኖች በባሕር ዳር ተቀምጠው በዜማቸው መርከበኞችን ወደ ዐለት የሚስቡ ፍጥረቶች ነበሩ ይባላል። ኦዲሴዎስ የተባለው ጀግና በአጠገባቸው ሲያልፍ የባልንጀሮቹን ጆሮ በሰም ደፈነ። ይህን የሰም ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መሣሪያውን በመጀመሪያ መልክ የሠራው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበረው የስኮትላንድ ሊቅ ጆን ሮቢሰን ነው። ያሻሻለውና ስሙን የሰጠው ግን ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር ሲሆን ዘመኑም 1819 ነው። ሳይረን ብሎ የሰየመውም በውኃ ውስጥ እንኳ ድምፅ መስጠት ስለ ቻለ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዙሪያው ቀዳዳዎች ያሉት ክብ ዝርግ ብረት ሌሎች ቀዳዳዎች ባሉት በሌላ ብረት ላይ ይሽከረከራል፤ ከታች አየር ይነፋበታል። ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲገጥም አየሩ ያልፋል፤ ሳይገጥም ይታገዳል። ይህ መክፈትና መዝጋት ሲፈጥን ጆሮ አንድ ወጥ ድምፅ ይሰማል። ብረቱ 20 ቀዳዳዎች ኖረውት በሴኮንድ 50 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 1,000 ንዝረት ያለው ድምፅ ይገኛል ማለት ነው። እንግዲህ ሳይረን በተወለደበት ቀን የሊቃውንት የድምፅ መቍጠሪያ እንጂ የአደጋ ማስታወቂያ አልነበረም።

መኪና የራሱን ድምፅ ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። በ1908 ገደማ አሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሃቺሰን የፈለሰፈው ጥሩንባ ክላክሰን በሚል የንግድ ስም ለገበያ ወጣ። በእርሱም ውስጥ ጥርስ ያለው መዘውር እየዞረ አንድ ስስ የብረት ሽፋን ይመታል፤ ሽፋኑም ይንቀጠቀጣል። እኛ ዛሬ ክላክስ የምንለው ቃል ከዚሁ ስም የመጣ ነው። ብዙ የመኪና ማስጠንቀቂያዎችም የተለየ ሳይረን ሳያስፈልጋቸው የመኪናውን ክላክስ እየቈራረጡ ያስጮኻሉ።

ዛሬ በማስጠንቀቂያ ላይ የሚገጠመው ሳይረን በብዛት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በማግኔትና በተጠቀለለ ሽቦ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው መነሻው የፒየርና የዣክ ኩሪ ግኝት ነው። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች በ1880 እንደ ኳርትዝ ያሉ ድንጋዮች ሲጫኑ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያወጡ አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተገላቢጦሹን፣ ማለት ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርፃቸው በጥቂቱ እንደሚለወጥ አረጋገጡ። በሳይረኑ ውስጥ ይህን ጠባይ ያለው ስስ የሸክላ ዝርግ በብረት ላይ ይለጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን በለዋወጠ ቍጥር ዝርጉ እንደ ከበሮ ቆዳ ወዲያና ወዲህ ይለመጣል። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ጩኸቱ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየወጣ እየወረደ እንዲሄድ የሚደረግበትም ምክንያት አለ፤ አንድ ወጥ ድምፅን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚለዋወጠውን ግን በቀላሉ ችላ አይለውም።

፪. ሽቦውን የሚቈርጥ ሌባ

ሌባን በኤሌክትሪክ የማወቅ ሐሳብ ከመኪና በፊት በቤት ላይ ተሞክሮአል። በማሳቹሴትስ ግዛት በሰመርቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ቄስ አውገስተስ ራስል ፖፕ በ1853 ለእንዲህ ያለ ደወል የፈጠራ መብት አገኙ። በርና መስኮት ሲከፈት ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ ደወልም ይመታል። ኤድዊን ሆምስ የተባለው ነጋዴ መብቱን ከገዛ በኋላ ሥራውን ወደ ንግድ አሳደገው።

በዚህ አሠራር ላይ ግን አንድ ጕድለት አለ። ሌባው አስቀድሞ ሽቦውን ቢቈርጥ ደወሉ ዝም ይላል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ነገሩን መገልበጥ ነው። ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ እንዲተላለፍ ይደረግና ሲቋረጥ ደወሉ እንዲጮኽ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሽቦውን መቍረጥ ራሱ ሌባውን ያጋልጠዋል።

ይኸው ዘዴ በመኪና ሳይረን ላይ ሳይለወጥ ይገኛል። ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ሽቦ የሚነቅል ሌባ ማስጠንቀቂያውን ያፈነ ይመስለዋል። ጥሩ ሳይረን ግን በሆዱ የራሱን ትንሽ ባትሪ ይይዛል። ከዋናው ባትሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ትንሹ ባትሪ እየተሞላ ዝም ይላል፤ የዋናው ሲቋረጥ ግን በራሱ ስንቅ ይጮኻል።

፫. መኪና የሌባ ዐይን ሲስብ

በመጀመሪያው ዘመን መኪና ለማስነሣት ከፊት ለፊት በእጅ ማዞር፣ ጕልበትና ልምድም ያስፈልግ ነበር። በ1912 የካዲላክ ኩባንያ ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ ከገጠመ በኋላ ሥራው ለባለቤቱ ቀለለ፤ ለሌባውም አብሮ ቀለለ። በ1919 የአሜሪካ ምክር ቤት የተሰረቀ መኪናን ከግዛት ወደ ግዛት ማሻገር የፌዴራል ወንጀል እንዲሆን ሕግ አወጣ። ሕግ የሚያስፈልገው ችግሩ ሲበዛ ስለ ሆነ ይህ ዓመት የነገሩን ስፋት ያሳያል።

ከዚያ በኋላ መሪን የሚቈልፍ ቁልፍ መጣ። በምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካም ከ1970 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ተለመደ። በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ እጅግ ተስፋፋ። ዐይኖቹ ብዙ ነበሩ። በበሩና በኮፈኑ ጠርዝ ያለው ትንሽ ማብሪያ መከፈትን ያውቃል። ሌላው በር ሲከፈት የውስጡ መብራት ስለሚበራ የባትሪው ቮልት በጥቂቱ ዝቅ ማለቱን ይመለከታል። ሦስተኛው መስታወት ሲሰበር ወይም አካሉ ሲመታ የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ ያዳምጣል።

ነገር ግን አንድ ዐይነት ሌባ ከእነዚህ ሁሉ ያመልጣል። በር አይከፍትም፤ መስታወት አይሰብርም፤ ሞተርም አያስነሣም። በክሪክ ቀስ አድርጎ አንሥቶ ጎማውን ከነቸርኬው ይወስዳል፤ ወይም የፊቱን እግር በጎታች መኪና ላይ ሰቅሎ መኪናውን እንዳለ ይጐትተዋል። ይህ ሌባ አንድ ነገር ብቻ ሊሸሽግ አይችልም፤ መኪናው ዘንበል ማለቱን።

፬. ሚዛኑ

ምድር ስትናወጥ የሚያስታውቅ መሣሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ሠርቶአል ተብሎ በታሪክ የሚታወሰው ቻይናዊው ዣንግ ሄንግ ሲሆን ዘመኑም 132 ነው። ለእኛ ጕዳይ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተገኘ የጨዋታ መሣሪያ ነው። በፒንቦል ጨዋታ ኳሷ ወደሚፈልጉት ቀዳዳ እንድትገባ ተጫዋቾች ጠረጴዛውን ያነሡና ይገፉ ነበር። ሃሪ ዊልያምስ የተባለው ሠሪ ይህን የሚያጋልጥ ዘዴ አበጀ። በዚህ ዐይነት መሣሪያ በብዛት የታወቀው አሠራር እንዲህ ነው፤ ክብደት ያለው ዘንግ በብረት ቀለበት መካከል ተንጠልጥሎ ይቆማል፤ ጠረጴዛው ሲያዘነብል ዘንጉ ቀለበቱን ይነካል፤ ጨዋታውም ይቋረጣል። ተጫዋቹን በመኪና ሌባ፣ ጠረጴዛውንም በመኪና ብንተካ የማዘንበል ጠቋሚ የመጀመሪያ መልኩ ይኸው ነው።

ሌላው የቆየ ዘዴ የባዜቃ ማብሪያ ነው። በተዘጋች የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ የባዜቃ ጠብታ ይቀመጣል፤ በአንድ ጫፏ ሁለት ሽቦዎች ይገባሉ። ብልቃጧ ስታዘነብል ባዜቃው ተንከባሎ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነውር አለበት። አንደኛ ባዜቃ መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው መመሪያ ከሐምሌ 2003 ጀምሮ ባዜቃ በአዳዲስ መኪናዎች ውስጥ እንዳይኖር በጥቂት ልዩ ፈቃዶች ብቻ ወስኖ ከለከለ። ሁለተኛው ነውር ለታሪካችን የበለጠ ይጠቅማል። ብልቃጧ የምታውቀው በተገጠመችበት ጊዜ የተሰጣትን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሜዳ ላይ የቆመውን መኪና በደንብ ትጠብቃለች፤ እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ የቆመውን ግን ገና ሳይነካ እንደ ተሰረቀ ትቈጥረዋለች። የትክክለኛውን ዘንበል ማለትና የሌባውን ዘንበል ማለት ለይታ አታውቅም።

መፍትሔው የመጣው ለሌላ ሥራ ከተሠራ ዕቃ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መኪና ሲጋጭ የአየር ከረጢት እንዲነፋ የሚያዝዝ ከሲሊከን የተቀረጸ ጥቃቅን የፍጥነት ለውጥ መለኪያ አወጣ። በውስጡ ከፀጕር የቀጠኑ የሲሊከን ጣቶች አሉ። ከእነርሱም የቆሙትና በመለመጥ የሚንቀሳቀሱት እንደ ሁለት እጆች ጣቶች ተጠላልፈው ይኖራሉ። ተንቀሳቃሹ ክፍል ሲሳብ በጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል፤ በዚህም የኤሌክትሪክ ሙላቸው ይለወጣል። ከእንዲህ ያለው መለኪያ ስሜቱ የተሻለው የምድርን ስበት ራሱን ለመመዘን ይበቃል። መኪናው ሲያዘነብል የስበቱ ከፊል ወደ ጐን ይዞራል፤ መለኪያውም ይህን ይቈጥራል።

ቍጥሩን በምሳሌ እንይ። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ያለው መኪና በአንድ ጐኑ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 3 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ጐን የሚዞረው የስበት ክፍል ከመቶ 5 ገደማ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ያለው መኪና አፍንጫው 30 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ ደግሞ ከ6 ዲግሪ ተኩል በላይ ያዘነብላል፤ የስበቱም ክፍል ከመቶ 11 ያህል ይሆናል። ሁለቱም በግልጽ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚደረገው ፍርድ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ሲቈልፍ ትንሹ ኮምፒዩተር ሞላዎቹ እስኪረጉ ድረስ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያም መኪናው በዚያች ሰዓት ያለበትን አቋቋም ወደ ፊትና ወደ ጐን መዝግቦ ይይዛል። ዳገትም ይሁን ሜዳ ለእርሱ ለውጥ የለውም፤ የሚያነጻጽረው ከመዘገበው ጋር ነው። ነፋስ ወይም አላፊ የጭነት መኪና ቢያወዛውዘው አካሉ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ይተወዋል። ጎማ በሌሊት ቀስ በቀስ ሲተነፍስ ለውጡ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ አይጮኽም። ክሪክ ሲያነሣው ግን ለውጡ በቂ ነው፤ ፈጣን ነው፤ አይመለስምም። ሦስቱ ምልክቶች ሲገናኙ ሳይረኑ ይታዘዛል። ይህም ሆኖ መሣሪያው ሁሉን አያውቅም። በመርከብ ወይም በባቡር ላይ የተጫነ መኪና ያለ ሌባ ስለሚያዘነብል በብዙ መኪናዎች ላይ ባለቤቱ ጠቋሚውን ለጊዜው የሚያጠፋበት ማብሪያ ይገኛል።

፭. የጎረቤት ጆሮ

ሳይረኑ ከበረታና ሚዛኑም ከተስተካከለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አልሄደም፤ የብርቱው ሳይረን ዘመን ከአስተዋዩ ሚዛን ዘመን ቀድሞ መጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኒውዮርክ ጎዳናዎች የነበሩት ማስጠንቀቂያዎች ብዙዎቹ ለነጐድጓድ፣ ለሞተር ቢስክሌትና ለድመትም ይጮኹ ነበር። ሕዝቡም እንደ ኦዲሴዎስ መርከበኞች ጆሮውን ደፈነ።

በ1997 በአሜሪካ የመኪና መድን ኩባንያዎች የሚደገፈው የሀይዌይ ሎስ ዳታ ተቋም ሒሳቡን መርምሮ፣ ማስጠንቀቂያ የተገጠመላቸው መኪናዎች በስርቆት የሚደርስባቸው ኪሳራ በጠቅላላው እንዳልቀነሰ አስታወቀ። በ2003 ደግሞ ትራንስፖርቴሽን አልተርናቲቭስ የተባለው የኒውዮርክ ማኅበር ማስጠንቀቂያው ከነጭራሹ እንዲከለከል የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። የከተማው ደንብ የመኪና ማስጠንቀቂያ በ3 ደቂቃ ውስጥ ዝም እንዲል ያዝዛል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው 97ኛው ደንብ ከዚህ የበለጠ የጠበቀ ነው፤ ሳይረኑ በሚጮኽ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ብቻ እንዲቆይ፣ የድምፁም ብርታት በ2 ሜትር ርቀት ከ105 እስከ 118 ዴሲቤል እንዲሆን ይወስናል።

ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ ሕግ የወጣው ባለ መኪናውን ከሌባ ለመጠበቅ ነበር፤ ኋላ ግን ጎረቤቱን ከባለ መኪናው ደወል ለመጠበቅ ሌላ ሕግ አስፈለገ። ያለ ፍርድ የሚጮኽ መሣሪያ የአንዱን ሰው ንብረት የሚጠብቀው የብዙ ሰዎችን እንቅልፍ እየከፈለ ነበር። ከፋዮቹም ሲሰለቹ እርዳታቸውን ነሡት።

፮. ዝምተኛው ቁልፍ

ስርቆትን በእርግጥ የቀነሰው መሣሪያ ድምፅ የሌለው ሆነ። በ1986 በወጣው ኮርቬት መኪና ቁልፍ ላይ ጄኔራል ሞተርስ የታወቀ የኤሌክትሪክ መቋቋም ያላት ፍሬ ተከለ፤ መኪናው ትክክለኛዋን ፍሬ ካላገኘ አይነሣም። በ1990ዎቹ ፍሬዋ በሬዲዮ ምስጢራዊ ቍጥር በሚናገር ትንሽ ዕቃ ተተካች። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 ጀምሮ እንዲህ ያለው ሞተር አጋጅ በአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ እንዲገጠም አዘዘ። ያን ፋን አወርስና ቤን ፎላርድ የተባሉት የኔዘርላንድ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ከ1995 እስከ 2008 ያለውን ዘመን መርምረው፣ ይህ መሣሪያ የመኪና ስርቆትን በአማካይ ከመቶ 40 ያህል እንደ ቀነሰው በ2016 ጽፈዋል።

እዚህ ላይ የማዘንበል ጠቋሚ ሥራ እንደ ገና ተፈለገ። ሞተሩን ማስነሣት ያቃተው ሌባ ወደ ጉተታና ወደ አካል ስርቆት ያዘነብላልና። ከ2019 ወዲህ በጭስ መውጫ ውስጥ ያለው ጋዝ ማጣሪያ የሚይዛቸው ፓላዲየምና ሮዲየም ዋጋቸው ሲንር ሌቦች በአሜሪካና በአውሮፓ መኪናን በክሪክ እያነሡ ማጣሪያውን ቈርጠው ይወስዱ ጀመር።

ዝምተኛው ቁልፍም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በ2011 በዙሪክ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከስምንት ፋብሪካዎች የወጡ 10 ዐይነት መኪናዎችን ፈትነው፣ የቁልፉን የሬዲዮ ምልክት ከሩቅ በማስተላለፍ ብቻ ሁሉንም ከፍተው ማስነሣት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ የሆነው ነው። በዚያ አገር ከተሸጡት የሂዩንዳይና የኪያ መኪናዎች ብዙዎቹ ሞተር አጋጅ ስላልነበራቸው ወጣቶች በቀላሉ ይሰርቋቸው ጀመር። ኩባንያዎቹ በ2023 ካደረጉት ማሻሻያ አንዱ ሞተሩ ያለ ትክክለኛ ቁልፍ እንዳይነሣ ማድረግ ሲሆን ሌላው የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ከ30 ሴኮንድ ወደ 1 ደቂቃ ማርዘም ነበር። ከሁለቱ የመጀመሪያው ሌባውን ያግዳል፤ ሁለተኛው ግን ተስፋው አሁንም በጎረቤት ጆሮ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የማስጠንቀቂያ ታሪክ የጩኸት መጠን ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ነው። የካኛር ደ ላ ቱር ብረት ከተሽከረከረበት ከ1819 ጀምሮ ብርቱ ድምፅ ማውጣት አላስቸገረም። ያስቸገረው ዳገትን ከክሪክ፣ ነፋስን ከሌባ መለየት ነበር፤ ይህም የተቻለው ጠቋሚው ማስታወስና ማነጻጸር ሲማር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ጅብ ሳይኖር ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻ ግን ከዚያም ይከፋል፤ ጅቡ በመጣ ሌሊት የሚነሣለት ሰው የለምና።

በዘመናችን የብዙ መኪናዎች ጠቋሚ መልእክቱን በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል። በዚህም ኡኡታው መንደርን ሁሉ መቀስቀሱን ትቶ ጕዳዩ ለሚመለከተው ሰው ብቻ መድረስ ጀምሮአል። ትርፉ ግልጽ ነው፤ የመንደሩ እንቅልፍ ይጠበቃል። ነገር ግን ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ማን ይደርስለታል? በአዲስ አበባ ብዙ ባለ መኪናዎች አላርም እያላቸውም መኪናቸውን ለዘበኛ አደራ ይሰጣሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት መቍጠር አይገባም። ዘበኛው ሁለቱን ሥራ በአንድ ራስ ላይ የያዘ ነው፤ አይቶ ይለያል፤ ለይቶም ይጮኻል፤ ሲጮኽም የሚያውቁት ሰዎች ያምኑታል። መሐንዲሶች በሳይረንና በሲሊከን ሚዛን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥራዎች አከናውነዋል። ሦስተኛው፣ ማለት መታመን፣ በፋብሪካ የሚሠራ ስላልሆነ በጎረቤታሞች መካከል እንደ ቀድሞው ሊጠበቅ ይገባዋል።